ባለ ሦስት ቀለም የአንገት ልብስ ለእምዬ

ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች ብርድን የሚከላከሉት በእንዝርት ነበር። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ይዳመጣል፣ ይባዘታል፣ ይፈተላል፣ ከዚያ ለሸማኔ ይሰጣል። ስዳር የተሰጠኝ ጋቢ የእናቴ ፈትል ነው። ዛሬ ግን ዓይኗ ደክሟል፤ እንዝርቷም ተሰቅሏል።

የ11 ዓመቷ ልጄ አያቷን የምታውቃት በስልክ ነው። መንገዱ ስላልተመቸ ሦስት ዓመት አልሄድንም። ስልኩን ሳቀብላት «እምዬ፣ ደህና ነሽ?» ብላ መልሳ ትሰጠኛለች። የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። ከብርዱ ይልቅ ይኼ ያሳስበኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሹራብ አሠራር ላስተምራትና ለገና ለእምዬ የአንገት ልብስ ልንሠራ ተስማማን። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ክር መረጠች። «ነጭ ለለመደች አሮጊት ይኼ ሁሉ ቀለም?» ብላት «በዓል አይደል እንዴ!» አለችኝ።

ከልጅ ጋር መሞከር ለምትፈልጉ፣ አሠራሩ አይከብድም። ወፈር ባለ የሹራብ መሥሪያ 36 ቀለበት ጀመርን። ሲሄዱም ሲመለሱም በአንድ ዓይነት አሠራር ከሠሩት ጠርዙ አይጠቀለልም፤ ፊቱና ጀርባውም አንድ ይሆናል። እኛ በየ8 ረድፉ ቀለም ቀየርን። ቁጥሩ ጥንድ ሲሆን ሦስቱም ክሮች በአንድ በኩል ስለሚገናኙ መቁረጥ ሳያስፈልግ በጠርዙ እየተጠላለፉ ይወጣሉ። ርዝመቱ የለባሹን ቁመት ያህል ቢሆን ይበቃል። ዋናው ነገር በየረድፉ መጨረሻ ቀለበቶቹን መቁጠር ነው።

ልጄ አልቆጠረችም። መሃል ላይ ስንደርስ 36ቱ 41 ሆነው ጎኑ አበጠ። ልተርትረው ስል አለቀሰች፤ የሁለት ሳምንት ልፋቷ ነው። ተውኩት። ሁለት ሁለት ቀለበት አንድ ላይ እየሠራን ወደ 36 መለስነው።

ወደ ጋይንት በሚሄድ ዘመድ እጅ ላክነው። የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ እናቴ ደወለች። በጣቷ ስትዳብሰው ቆይታለች።

«ክሩ የገበያ ነው፤ የሰው እጅ አልፈተለውም» አለች መጀመሪያ። የፈታይ ነገር! ቀጥላ፣ «መሃሉ ላይ የሰፋው የማን እጅ ነው?»

ልጄ ስልኩን ነጠቀችኝ። «የኔ ነው፣ እምዬ። መቁጠር ረስቼ ነው።»

«አይዞሽ የኔ ዓለም። የኔም የመጀመሪያ ፈትል አንዱ ጋ ቀጭን፣ አንዱ ጋ ወፍራም ነበር። ሸማኔው ሳቀብኝ።»

ልጄ እንዝርት ምን እንደሚመስል ጠየቀች። እናቴ ነገረቻት። ወሬያቸው ሳያልቅ ቡናው ፈላ።

አሁን እሑድ እሑድ የምትደውለው ልጄ ናት። እምዬ ቀለሞቹን ለይታ ማየት ስለማትችል ጨርቁን ይዛ ከዳር ትጀምራለች፤ በጣቷ አንድ መስመር ባለፈች ቁጥር ልጄ ከዚህ ሆና ትነግራታለች፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።