ስለ ጓሳ ደጋና ስለ ጅብራ

በመንዝ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ ብሎ የሚገኘውን የጓሳን ውርጫማ ደጋ ከሩቅ ያየ ሰው፥ ባዶ መሬት ይመስለዋል። ነገር ግን ጓሳ የተባለው ሣር ዝናሙንና ጉሙን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይለቃል፤ ውሃውም ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮም አይጥ እያደነ የሚኖረው በዚሁ ሣር ውስጥ ነው።

ከሣሩም በላይ ጅብራ ቆሞ ይታያል። ይህ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ተክል ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩንም ከሰጠ በኋላ ይደርቃል። እንግዲህ ሳያብብ የቈረጠው ሰው ዘሩንም ጭምር አጠፋ ማለት ነው።

የመንዝ አባቶች በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት እየዘጉ፥ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በኋላ አድሶታል። ስለዚህ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በመዝገብ ላይ «ባዶ መሬት» ብለን ከመጻፋችን አስቀድሞ፥ በዚያ የበቀለውን እንጠይቅ።