ነብርና ግስላ ሁለት ዝርያ ናቸውን?

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ ነብርና ግስላ በንግግር ለየብቻ ይቈጠራሉ። ነብር ዥንጉርጉሩ ነው፤ ግስላ የሚባለው ጥቁሩ ነው። በብርቱ የተቈጣ ሰው «እንደ ግስላ ሆነ» ስለሚባል፣ ብዙ ሰው ግስላን ከነብር የከፋ ሌላ አውሬ አድርጎ ያስበዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ በእርግጥ የተለያዩ እንስሳት መሆን አለመሆናቸውን ከግልገሎቻቸው አኳያ መመርመር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ነብር የሚለው ስም አንዳንድ ጊዜ ለእስያው ታይገርም ይሰጣል። ታይገር ግን ረጃጅም ጥቁር መስመሮች ያሉበት ሲሆን በተፈጥሮው የአፍሪካ ዱር እንስሳ አይደለም። የኛ ነብር ምልክት እንደ ቀለበት የተሰበሰበው ነጠብጣቡ ነው።

ንኡስ ዝርያ የሚባለው፣ የአንድ ዝርያ ወገኖች በተለያየ አገር ለረጅም ዘመን ተለያይተው በመኖራቸው በሰውነት መጠን፣ በጸጉርና በመሳሰለው ሲለያዩ ነው። ታይገር ለብዙ ጊዜ በዘጠኝ ንኡሳን ዝርያዎች ሲከፈል ቈይቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ወደ ሁለት እንዲጠቃለል ሐሳብ አቅርበዋል፤ አንዱ የእስያ ዋና ምድር፣ ሁለተኛው የሱንዳ ደሴቶች ነው። የሱማትራው ወንድ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ሲመዝን የሳይቤሪያው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለው የመጠን ልዩነት ግልጥ የሚሆነው ግልገሉ ሲያድግ ነው። የአፍሪካ ነብሮች ግን ሁሉም በአንድ ንኡስ ዝርያ ይመደባሉ። እንግዲህ የግስላ ጥቁረት ከአገር መለያየት የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ከወዴት መጣ? እናቲቱ ነብር ሦስት ወር ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግልገሎች ትወልዳለች። ግልገሉ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዓይኑም የተጨፈነ ነው። ጸጉሩ ከእናቱ ጸጉር ይልቅ ረዘም ያለና ግራጫ መሳይ ስለሆነ ነጠብጣቡ ጐልቶ አይታይም። ከነዚህ ከአንድ ማኅፀን ከወጡት መካከል አንዱ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ጥቁር ነው።

ምክንያቱን ሜንዴል በአተር ላይ ካገኘው ሕግ እንረዳዋለን። ጥቁረቱን የሚያመጣው ጂን ድብቅ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይገለጥም። ዥንጉርጉር የሆኑት ወላጆች ሁለቱም ይህን ጂን ቢሸከሙ፣ በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ጥቁር ይሆናል። ሁለቱም ወላጆች ጥቁር ቢሆኑ ግን ልጆቻቸው ሁሉ ጥቁር ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ለውጡ አጉቲ በሚባለው ጂን ላይ እንደሚገኝ አሳይቷል።

የታይገርም ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል። በ1951 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በሪዋ አንድ ነጭ ታይገር በግልገልነቱ ተያዘ። ከተለመደችው ሴት ጋር ሲጣመር ልጆቹ ሁሉ ቀያይ ሆኑ፤ በ1958 ግን ከገዛ ልጁ ነጫጭ ግልገሎች ተወለዱለት። ነጩም እንደ ጥቁሩ የቀለም መልክ እንጂ ሌላ ዝርያ አልነበረም።

በቀለም የተሳሳቱት ሊቃውንትም ናቸው። ፈረንሳዊው ኩቪየር በ1809 እ.ኤ.አ. የጃቫን ጥቁር ነብር የተለየ ዝርያ አድርጎ ሰይሞት ነበር። ነገር ግን ፀሐይ በአግድም ስታርፍበት የጥቁሩም ነብር ነጠብጣብ ከጥቁረቱ ሥር ይታያል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 13 ስለ ነብር ዥንጉርጉርነት ያነሣው ጥያቄ ለግስላም ይሠራል፤ ግስላ ነጠብጣቡን ሸፈነው እንጂ አልለወጠውም።

ጉዳዩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ቈላ ፍየል የሚያሰማራ ሰው ፍየሉን በነብር ሲያጣ ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ መከላከያውም በረቱን ማጠንከርና እረኛውን ማትጋት ነው። የጸጉር ቀለም አውሬውን የባሰ ቍጡ እንደሚያደርገው ግን ማስረጃ የለም። ነብር በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳት ተራ ገብቷል። ግስላን ሌላ ክፉ አውሬ ነው ብሎ የገደለ ሰው የገደለው ያንኑ ነብር ነው። ነብርንና ግስላን ለየብቻ የሚቈጥር ተመራማሪም አንዱን ዝርያ ሁለት አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ ወደ አገራችን ወርደን ከሽማግሌዎችና ከእረኞች ስለ አውሬ ስንጠይቅ፣ ሁለቱን ስሞች እንደ ሰማን እንጻፍ፤ ዝርያውን ግን አንድ ብለን እንመዝግብ።