ኒውትራሉ ለምን ይግላል?

ደሴ ፒያሳ ላይ ምድሩ የሞባይል ሱቅ፣ ከላዩ ባንክ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ የሆነ ሕንፃ ብርቅ አይደለም። የእንዲህ ያለውን ሕንፃ ማከፋፈያ ሳጥን የከፈተ ኤሌክትሪሺያን አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል፤ ሦስቱ ፌዞች ከአቅማቸው በታች እየሠሩ ኒውትራሉ (የጋራ መመለሻው ሽቦ) ግሏል፣ የፕላስቲክ ልባሱም ጠቁሯል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ፌዞቹን ስለሆነ አላቋረጠም።

ጣጣው ሃርሞኒክ ይባላል።

የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሞገዱን እንዳለ ተከትሎ ኃይል ይወስዳል። ኤልኢዲ አምፖል፣ ኮምፒውተርና ቻርጀር ግን ሞገዱ ጫፍ ሲደርስ ላፍ አድርገው ይወስዱና ዝም ይላሉ። ይህ ቁርጥርጥ አወሳሰድ በዋናው ሞገድ ላይ በ150፣ በ250፣ በ350 ኸርዝ የሚመላለሱ ተደራቢ ሞገዶችን ይጨምራል። በሦስቱ ፌዞች የሚመጣው ባለ 50ው ከረንት ጭነቱ እኩል ከሆነ ኒውትራል ላይ ይጣፋል፤ ባለ 150ው ግን ይደመራል። ሲከፋ የኒውትራሉ ከረንት ከፌዙ 1.73 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ድሮ ኒውትራልን ከፌዝ አቅጥኖ መዘርጋት የተለመደ ነበርና አሮጌ ሕንፃዎች ይበልጥ ይጠረጠራሉ።

ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ። ትራንስፎርመሮች በመደበኛነት የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። የጦሳ ተራራ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሳል፤ ታፍኖ በተዘጋ የትራንስፎርመር ክፍል ውስጥ ግን ብርዱ ብዙም አይረዳም።

ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰሉ ቦታዎች የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠሩ ኢንቨርተሮች በብዛት ይሠራሉ። እነዚህ በተለይ 250ውንና 350ውን ያበዛሉ። ፓወር ፋክተር ለማሻሻል የተተከለ ካፓሲተር ደግሞ ከትራንስፎርመሩ ጋር ተገጣጥሞ አንዱን ሞገድ ሊያጎላው፣ ራሱም አብጦ ሊፈነዳ ይችላል።

መፍትሔው ከልኬት ይጀምራል። ርካሽ ክላምፕ ሜትር ሞገዱ ለስላሳ ነው ብሎ ስለሚያሰላ እስከ 40 በመቶ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ ትሩ አርኤምኤስ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። ከዚያ ኒውትራሉን ማወፈር፣ ኢንቨርተሩ ፊት ሪአክተር (የሽቦ ጥቅል) ማስገባት፣ ካፓሲተሩንም ከሪአክተር ጋር ማጣመር ይቻላል። ተቃራኒ ከረንት እየላከ ሞገዱን የሚያስተካክለው አክቲቭ ፊልተር ውድ ነው፤ ሻጭ ስላመሰገነው ብቻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በዓለም የታወቀው አይትሪፕልኢ 519 ደረጃ ከ1 ኪሎ ቮልት በማይበልጥ መስመር ላይ የቮልቴጅ መዛባት ከ8 በመቶ እንዳያልፍ ይላል።

ልኬቱ መብራት ጠፍቶ ሕንፃው በጄኔሬተር ሲሠራም መደገም አለበት። ጄኔሬተር እንደ ትልቁ መስመር ጠንካራ አይደለምና ያው ጭነት ቮልቴጁን ይበልጥ ያዛባዋል። የባንኩ ዩፒኤስ የጄኔሬተሩን ኃይል አልቀበልም ብሎ ባትሪውን የሚጨርሰው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው።