የሞተር ዙር ቆጣሪ ሲገዙ ከዋጋው በፊት ምን ይጠይቃሉ?

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አይሱዙ ደጀንን እንዳለፈ የአባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን መኪናው እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የሞተር ጤንነት የሚፈተነውም፣ የባለንብረቱ ኪስ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሾፌሮች ሞተሩን በጆሯቸው ያዳምጣሉ። የለመዱት መኪና ከሆነ ጆሯቸው አይዋሽም። ይሁን እንጂ ሾፌር ይቀየራል፤ ሬዲዮ ይከፈታል፤ ሌሊት ሲነዳ ያደረ ሰው ጆሮ ይደክማል። ከፋብሪካ ሲወጣ የዙር ቆጣሪ ያልተገጠመለት መኪና ያለው ባለንብረት መሣሪያውን ከገበያ ገዝቶ ማስገጠም የሚያስበው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው?

የፍጥነት ጌጅ የሚናገረው መኪናው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። ዙር ቆጣሪ ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያሳያል። በአነጋገር “አርፒኤም” የሚባለውም ይኸው ነው። የጉዞ ሰዓትና ፍጥነት ከሚመዘግበው ታኮግራፍ ጋር ግን መምታታት የለበትም።

ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሾፌሩ ፍሬኑ እንዳይግልበት በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ፍሬን ይጠቀማል። ትክክለኛው አነዳድም ይህ ነው፤ በፎሌ መውረድ ሕይወት ያስከፍላል። ነገር ግን አንድ አደጋ አለው። በናፍጣ ሞተር ላይ ዙሩ ከልክ ሲያልፍ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ናፍጣ ይቆርጣል እንጂ፣ ጭነቱ የሚገፋው ጎማ ሞተሩን እንዳያዞረው ሊያግድ አይችልም። ስለዚህ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶም ዙሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ከልኩ በጣም ካለፈ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ሊጋጭና ሞተር ሊወርድ ይችላል። ሞተር ወረደ ማለት ደግሞ መኪናው ለሳምንታት ቆመ ማለት ነው።

በዳገቱ በኩል ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። በቀላል ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ይግላል፤ ናፍጣም ያባክናል። ቆጣሪው ማርሽ የሚቀየርበትን ሰዓት ይነግራል።

ከመግዛትዎ በፊት

በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ስለ ዋጋ ከመከራከርዎ አስቀድሞ የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

አንደኛ፣ ሞተሩ የቤንዚን ነው ወይስ የናፍጣ? የቤንዚን ሞተር ቆጣሪ ምልክቱን የሚያገኘው ከኮይሉ ኔጌቲቭ ጫፍ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላም፣ የእሳት ኮይልም የለውም። ስለሆነም ለቤንዚን ብቻ የተሠራ ቆጣሪ በናፍጣ መኪና ላይ ቢገጠም ከዜሮ አይነሳም። ለናፍጣ የሚሆነው ምልክቱን ከዲናሞው “ደብልዩ” ጫፍ ወይም በቮላኖው ጥርስ አጠገብ ከሚተከል ሴንሰር የሚወስድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስንት ቮልት? አብዛኞቹ ሚኒባሶች 12 ቮልት ሲሆኑ ብዙ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ግን ሁለት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ቆጣሪ በ24 ላይ ይቃጠላል። “ከአንዱ ባትሪ ብቻ እንውሰድለት” የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት አይስማሙ፤ አንዱ ባትሪ ከሌላው ይበልጥ እየተዳከመ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ።

ሦስተኛ፣ የቁጥሩ ስፋት። የብዙ መካከለኛ የናፍጣ ጭነት መኪኖች የመጨረሻ ዙር 3,000 አካባቢ ነው። እስከ 10,000 የተጻፈበት ቆጣሪ ያምር ይሆናል፤ መርፌው ግን ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ ስለሚቀር ለማንበብ ያስቸግራል። እስከ 4,000 የሚለው ይሻላል።

አገጣጠሙ

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጌቲቭ በመንቀል ነው። በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ላይ አራት ሽቦ አለ። ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር በራሱ አነስተኛ ፊውዝ በኩል ይታሰራል። ጥቁሩ ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ይጠብቃል። ነጩ ከዳሽቦርድ መብራት ጋር ይያያዛል። አረንጓዴው የምልክት ሽቦ ነው። ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ግን አብሮ የሚመጣውን ወረቀት ሳያዩ አይጀመር። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና ሲገባ ቀዳዳው በጎማ ካልተሸፈነ፣ በዚያ መንገድ ንቅናቄ ሽፋኑ ተፍቆ ሾርት ያደርጋል። ከጭስ ማውጫና ከካንዴላ ሽቦ መራቅም አለበት።

በኮምፒውተር የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሽቦ ቆርጦ መቀጠል አይገባም፤ ለኮምፒውተሩ ጥገና የሚወጣው ከቆጣሪው ዋጋ ይበልጣል።

የሚዋሽ ቆጣሪ

ትልቁ ስሕተት መርፌው ስለተንቀሳቀሰ ብቻ “ሠራ” ብሎ ሒሳብ መክፈል ነው። የ4 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ቆጣሪ ማስተካከያው በስሕተት 6 ላይ ቢሆን፣ ሞተሩ 3,000 ሲዞር 2,000 ብሎ ያሳያል። በናፍጣው ደግሞ ሞተሩ 1,000 ሲዞር ዲናሞው 2,000 የሚዞርና 12 ፖል ያለው ከሆነ በሰከንድ 200 ምት ይልካል። ፑሌጃው ወይም ዲናሞው ከተቀየረ ይህ ቁጥር ስለሚለወጥ ቆጣሪው እንደገና መስተካከል አለበት። የላላ ቺንጋም ከእውነቱ ያነሰ ዙር ያሳያል። ሾፌሩ ገና ነው ብሎ ሲወርድ ሞተሩ ከልኩ አልፎ ይገኛል። እንዲህ ያለው ቆጣሪ ጭራሹን ባይኖር ይሻል ነበር።

በመሆኑም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት በእጅ የሚያዝ የብርሃን ዙር መለኪያ በክራንክ ሻፍቱ ፑሌጃ ላይ ያስነጣጥሩ፤ መጀመሪያ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ቀጥሎም ዙሩ ከፍ ብሎ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተስማሙ የሞተሩን የመጨረሻ ዙር ከመኪናው መጽሐፍ ላይ አይተው በመስተዋቱ ላይ በቀይ ቀለም ያስምሩበት። አዲስ ሾፌር ቢቀጥሩም ያ ቀይ መስመር ደጀን ላይ ያስጠነቅቅልዎታል።

መልካም መንገድ።