ከልብ፦ አንድ ቡችላ ኩርሙክ ግቢ ሲገባ

ኩርሙክ ገበያ ውስጥ «ከልብ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አማርኛ ተናጋሪው ከሆነ ከልቡ መሆኑን እየተናገረ ነው፤ ዓረብኛ ተናጋሪው ከሆነ ስለ ውሻ እያወራ ነው። በድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ስሟን የምትጋራ ሌላ ኩርሙክ ያለቻት ይህች የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከተማ በርታኛውን፣ ዓረብኛውን፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ገበያ ታውላለች። ስለ ቡችላ ለመጻፍ ከቋንቋ የምነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አካባቢ ቡችላ የሚያሳድግ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚቸገረው በዚሁ ነውና።

አንድ ግቢ በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ዙሪያው በሽመል የታጠረ፣ መሐሉ ላይ ማንጎ የቆመበት፣ ዶሮና ፍየል የሚመላለሱበት ግቢ ነው። ቡችላው ትናንት መጣ። እናት «ና» ትለዋለች። አጎት «ታዓል» ይለዋል። ጎረቤት በአጥር በኩል «ኮቱ» ትለዋለች። ልጆቹ «ቡቺ፣ ቡቺ» እያሉ ያሯሩጡታል። አማርኛው ብቻውን እንኳ «ና»፣ «ናልኝ እንጂ»፣ «አትመጣም እንዴ!» እያለ ይበዛበታል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ቡችላው ግን ያንን አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ጥሎ ማንንም መስማት ሲተው «ይሄ ውሻ ደንቆሮ ነው» ይባላል።

ውሻ ቃል መማር ይችላል፤ የሚማረው ግን አንድ ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲያስከትል ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በምግብ መፈጨት ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ ውሾቹ ምግቡ ሳይቀርብ፣ ምግብ እንደሚመጣ የሚያመለክት ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት የሰዎቹ ነው። ማታ ቡና ላይ ተቀምጦ መስማማት፦ ለመምጣት አንድ ቃል፣ ለመቀመጥ አንድ ቃል፣ ለመተው አንድ ቃል፣ ለማብቃት አንድ ቃል። ቋንቋው የትኛውም ይሁን። ከአያት እስከ ትንሹ ልጅ ሁሉም ያንኑ ቃል ካሉ ቡችላው በጥቂት ቀናት ይይዘዋል። ሽልማቱ የአተር ፍሬ የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ትበቃለች፤ ግን ቡችላው የታዘዘውን ባደረገ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ አፉ መድረስ አለባት። ሥጋውን ልናመጣ ወደ ማድ ቤት ሄደን ስንመለስ ቡችላው ሌላ ነገር ጀምሯል፤ የሚሸለመውም ያ ሌላው ነገር ይሆናል።

በስንት ጊዜው ይምጣ? በብዙ ቦታ ቡችላ ገና በአንድ ወሩ፣ ዓይኑን በገለጠ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ከእናቱ ሥር ተነጥሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲወሰድ አይቻለሁ። ቶሎ ሰው ይለምዳል ይባላል። እኔ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ይቆይ ባይ ነኝ። ሲናከስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ጥሎበት ይሄዳል፤ ያኔ ጥርሱን እስከ የት መጫን እንዳለበት ይማራል። ይህን ያልተማረ ቡችላ 28ቱን መርፌ የመሰሉ የወተት ጥርሶቹን ይዞ ልጆቻችን እጅ ላይ ይማራል። ያኔም ቢሆን መፍትሔው የወንድሙ ነው፤ «አይ!» ብሎ ጮኾ፣ እጅን ሰብስቦ፣ ፊትን አዙሮ ጨዋታውን ማቋረጥ።

ይሁን እንጂ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ መዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ውስጥ ጆን ስኮትና ጆን ፉለር ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡችሎች ላይ ለዓመታት ጥናት አካሂደዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ከታተሙት ሥራዎች በአንደኛው፣ አንዳንድ ቡችሎች በታጠረ ሜዳ ላይ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳይነካቸው እንዲያድጉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እነሱን ማላመድ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ እንደ ዱር አውሬ ነበር የሚሸሹት። በሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ሰው ያጫወታቸው ግን በቀላሉ ለመዱ። ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ የቡችላ አእምሮ «ይህ የዓለሜ ክፍል ነው፣ ይህ ደግሞ ያስፈራል» እያለ የሚለይበት ጊዜ ነው።

የኩርሙክ ቡችላ በነዚያ ሳምንታት ማየት ያለበት ብዙ ነው። ጀለቢያ የለበሰ ሰው፣ ቶብ የተከናነበች ሴት፣ ወርቅ ሊያጥብ ገበቴ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ወጣት፣ ውሃ የጫነ አህያ፣ ባጃጅ፣ የማዕድን ሥራው ያመጣቸው ከባድ መኪኖች፣ የአዛን ድምፅ። በእቅፍ ይዞ ራቅ ብሎ ማሳየት፣ ሳይደነግጥ ሲያይ ማጉረስ፣ ከደነገጠ ትንሽ መራቅ። በተለይ ደግሞ እንግዳ ሰው። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሰው በዚህ ድንበር ተሻግሯል። ደክሞት፣ ልጅ አዝሎ፣ ውሃ ሊጠይቅ ወደ ግቢ የሚጠጋ ሰው አለ። እንዲህ ባለ ቦታ የመጣውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ከሌባ አያድንም፤ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ይከታል፣ ምስኪኑን ያቆስላል። ጥሩ የግቢ ውሻ ማለት መጮኽን የሚያውቅ፣ ባለቤቱ ሲናገርም ዝም የሚል ነው።

በርታኛ ተናጋሪ የሆኑት የዚህ አካባቢ የበርታ ሰዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ውሻ በሙስሊም ቤት ያለው ቦታም በጥንቃቄ መነገር አለበት። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ የሚያዝ ሐዲስ አለ። በማሊኪ መዝሀብ ውሻው ራሱ ንጹሕ ነው የሚል አቋም ሲኖር፣ በሻፊዒ ግን ነጃሳ ነው። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ ግን ተፈቅዷል። ቁርኣንም በሱረቱል ማኢዳ የተማሩ የአደን እንስሳት የያዙትን መብላት ሲፈቅድ፣ በሱረቱል ከህፍ ደግሞ ከዋሻው ሰዎች ጋር ስለነበረው ውሻ ይናገራል። ውሻ ማስተማር ለዚህ ሕዝብ ባዕድ ሐሳብ አይደለም ማለት ነው።

ከከተማ መጥተው «ቡችላውን አልጋ ላይ አስተኙት፣ ፊታችሁን ይላሳችሁ» የሚሉ ምክሮች ስለዚህ እዚህ አይሠሩም፤ አስፈላጊም አይደሉም። እዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር ደፍ ነው። ቡችላው ከቤቱ ደፍ አያልፍም፤ መስገጃ ወደሚነጠፍበት፣ ዕቃ ወደሚታጠብበት አይደርስም። ይህንን መትቶ ማስተማር አያስፈልግም። ደፉ ላይ ሲደርስ በእግር መንገዱን መዝጋት፣ ቁጭ ሲል ከውጭ በኩል ማጉረስ። መግባት ምንም አያስገኝም፤ ውጭ መቀመጥ ያበላል። የራሱ ሳህን፣ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ጥላ ይኑረው። ይህ ወሰን ከመጀመሪያው ቀን ከጸና ጥንቁቋ አያትም ከቡችላው ጋር በሰላም ትኖራለች።

ሽንትና ዓይነ ምድርም እንደዚሁ ነው። ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው፣ በግምት፣ ለእያንዳንዱ የዕድሜው ወር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሁለት ወሩ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ ሦስቱንም ጊዜ ወደ አንድ የግቢ ጥግ ወስዶ መጠበቅ ነው። ሲጨርስ ይመስገን። ሌላ ቦታ ካደረገ ጠርጎ በአፈርና በውሃ ሽታውን ማጥፋት እንጂ አፍንጫውን እዚያ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው። እኛ ቤት ልጅ ሳለሁ ያደገው ውሻ በዚህ ዓይነት ቅጣት ያደገ ነበር፤ ሲጠሩት ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ ነበር የሚመጣው። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ጠርቶ መምታት ከስህተቶች ሁሉ የከፋ ነው፤ «ና» የሚለውን ቃል ለዘላለም ያበላሸዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ ጆሮውን መቁረጥ፣ ቀኑን ሙሉ አስሮ ማዋል። ጆሮ የተቆረጠ ውሻ ሌላው ውሻ ስሜቱን የሚያነብበትን ምልክት ያጣል እንጂ ድፍረት አይጨምርም። የታሰረው ደግሞ ማንም ቢመጣ መሸሽ ስለማይችል መንከስ ይማራል። እኔ ይህን ጭካኔ ነው እላለሁ።

ዶሮና ፍየል ባለበት ግቢ ትዕግሥት የሚፈታተነው ጫጩት ነው። ቡችላውን በላላ ገመድ ይዞ ከጫጩቶቹ ራቅ ብሎ መቀመጥ፤ አይቶ ወደ ሰው ፊቱን ሲመልስ «ተው» ብሎ ማጉረስ። በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ በየቀኑ ትንሽ ቀረብ እያሉ። «ቁጭ በል» ከዚህ ይቀላል፤ ጉርሻውን ከአፍንጫው በላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሲወስዱት ራሱን ቀና ሲያደርግ ቂጡ ራሱ መሬት ይነካል። ሁሉም ትምህርት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ማታ ይሁን። ኩርሙክ ቆላ ነው፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። የእጅ ጀርባ መሬቱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ካልቆየ የቡችላም መዳፍ አይችለውም።

ስለ ምግብ ሁለት ነገር ብቻ። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ስለዚህ የማሽላ ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ቢሰጠው ከወጥ ትራፊ ይሻላል። ሁለተኛው የአረፋ በዓል ነው። በግ በየቤቱ ሲታረድ ከረጢት ያበቀለ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ ይጣላል። ከረጢቱ የትል እጭ ነው፤ ውሻው ውስጥ ትል ሆኖ አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ወደ ሰው ይመለሳል፤ በሰው ጉበት ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እንዲህ ያለው ሆድ ዕቃ ጠልቆ ይቀበር። ቡችላው ራሱም የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ትሉን ይዞ የሚመጣው ከእናቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት፣ ከነዚህም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንደሆኑ ያስረዳል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በኩርሙክ ሙቀት ሐኪሙን «በበረዶ ሳጥን ነው ያመጣኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ልጁን ሊያሳጣን ይችላል። ይህን አንዲት እናት ብቻ ሰምታ ብትተገብረው ለእኔ በቂ ነው።

ሌሊቱ ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቡችላው ያለቅሳል፤ የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ አብሮት ይደር፣ ማደሪያውም ሰው ከሚተኛበት አጠገብ ይሁን። በሙቀቱ ወራት አልጋ ግቢ ስለሚወጣ ይህ አያስቸግርም። ማደሪያው ግን ከሽመል በደንብ የተሠራና የሚዘጋ ይሁን፤ ጅብ ቡችላ አይምርም።

ከስድስት ወሩ በኋላ፣ ጥርሱ ተቀይሮ 42 ሲሞላ፣ ድምፁም ይወፍራል፤ አንድ ሌሊት በአጥሩ ላይ የምሩን ይጮኻል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምንለው ውሻውን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው በፊት ሲጮኽ ማን ተነሥቶ እንዳየለት ነው። ማንም የማይመልስለት ውሻ ወይ ሌሊቱን ሙሉ በነፋሱ ላይ ይጮኻል፣ ወይ መጮኹን ይተዋል። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ባትሪውን ይዞ መነሣት ያስፈልጋል። ወደሚያይበት አብሮ ማየት፣ አጥሩን አንድ ጊዜ መዞር። ከወንዝ አምሽቶ የሚመለስ ጎረቤት ከሆነ ሰላም ማለት፣ ከዚያ ራሱን ደባብሶ፣ ያችን ቡና ላይ የተስማማንባትን አራተኛዋን ቃል መናገር፦ «በቃ»።