ውሃው ጠራ ማለት ዳነ ማለት ነውን?
(በሬዲዮ ለጎልማሶች ትምህርት ከተሰጠ ንግግር የተጻፈ)

እኔ በአቃቂ ቃሊቲ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። የዛሬው ንግግራችን ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ በዓይን ስለማይታዩ ሁለት ነገሮች ነው።

ነገሩን ያነሣው አንድ ጥያቄ ነው። በማታው ክፍል የሚማሩ አንድ አባት ከኮካ ሐይቅ ዳር ዘመድ ጠይቀው መጡ። «መምህር፣» አሉኝ፣ «ሐይቁ ዳር ዳሩን ቀለም የተደፋበት መስሎ ሰንብቶ ነበር። ጎመን የተቀቀለበት ውሃ በሉት። ዘመዴ ከብቶቹን ከለከለ። አሁን ግን ውሃው ጠርቷል። ይልቀቃቸው ወይስ ይቆይ?»

ጥያቄው የሕይወት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን ከሥሩ እንየው።

አረንጓዴው ነገር ምንድን ነው?

አረንጓዴው ሰፈፍ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሳይኖባክቴሪያ ይባላል። ድሮ ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ ይሉት ነበር። እንደ ተክል የፀሐይን ብርሃን ይመገባል። ሁሉም ጎጂ አይደለም። ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙንም መልኩንም ያገኘው ከዚሁ ዘር ነው። ፍላሚንጎ የሚባለው ወፍም ይመገበዋል።

በኮካ ላይ በብዛት የሚታየው ግን ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በሆዱ መርዝ ሊይዝ ይችላል። መርዙ የሰውንም የከብትንም ጉበት ይጎዳል።

እንዲህ የሚበዛው ለምንድን ነው? ምግብ ስለሚያገኝ ነው። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ፣ የሳሙና እጣቢ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ይህ ሁሉ ለእርሱ ቀለብ ነው። ውሃው ሞቆ ረግቶ ሲተኛ ደግሞ ይደሰታል።

የበሽታውስ በሽታ?

እኛ እንደምንታመም ሳይኖባክቴሪያም ይታመማል። የሚያሳምመው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ሳይኖፋጅ ይባላል። መጀመሪያ የተገኘው በአሜሪካ አገር በፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ውስጥ ሲሆን፣ ሳፈርማንና ሞሪስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቁ።

ምን ያህል ትንሽ ነው? አንድ ሚሊሜትርን ለ10,000 ብታካፍሉ፣ አንዷን ክፋይ ያህል ቢሆን ነው። ብቻውን መራባት አይችልም። ሳይኖባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና የራሱን ዘር ወደ ውስጥ ያስገባል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ይሆናል። ቤቱን ሁሉ የራሱ መሥሪያ ያደርገዋል።

በጃፓን አገር ከሚካታ ሐይቅ የተገኘው የማይክሮሲስቲስ ቫይረስ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ50 እስከ 120 የሚሆኑ ልጆች ያፈራል። ከዚያ ቤቱ ይፈነዳል። ልጆቹ ወጥተው ሌላውን ይይዛሉ።

ይህ ሲስፋፋ ምን እንደሚያደርግ ከጎረቤታችን ከኬንያ እንማር። በናኩሩ ሐይቅ ቫይረሱ ፍላሚንጎዎቹ የሚመገቡትን ሳይኖባክቴሪያ ፈጀው። ምግቡ ሲያልቅ ወፎቹም በቁጥር አነሱ። ጥናቱ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በዓይን የማይታይ ነገር የሐይቅን መልክ እንደሚለውጥ ልብ በሉ።

መርዙስ የት ሄደ?

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። አንድ ጆንያ ጤፍ አስቡ። ጆንያው ሲቀደድ ጤፉ አይጠፋም፤ ይፈሳል። ሳይኖባክቴሪያውም እንደዚሁ ነው። በቫይረስ ቢፈነዳ ወይም ዕድሜው ደርሶ ቢሞት፣ በሆዱ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይገባል። አረንጓዴው ይጠፋል፤ ውሃው ይጠራል። መርዙ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ማፍላትም አይበቃም። ማፍላት የተቅማጥ ጀርም ይገድላል፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋም። ቫይረሱን ራሱን አትፍሩት። እርሱ የሚይዘው ሳይኖባክቴሪያን ብቻ ነው፤ ሰውንም ከብትንም አይዝም።

«ታዲያ ቫይረሱ ሐይቁን ያጽዳልን» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ሁሉን አይጨርስም። የተረፉት፣ ቀለቡ እስካለ ድረስ፣ እንደገና ይራባሉ።

እኛንስ ምን አገባን?

ያገባናል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። አዋሽ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በተሠራው የኮካ ግድብ ይጠራቀማል። እኛ ወንዝ ውስጥ የደፋነው እጣቢ ለዚያ ሰፈፍ ቀለብ ይሆናል። የላይኛው ሰው የደፋውን የታችኛው ሰው ይጠጣዋል።

ምን እናድርግ?

1. ሰፈፍ ያለበትን ውሃ አንጠጣ፤ ከብትም አናጠጣ፤ ልጆችም አይዋኙበት።
2. ሰፈፉ ቢጠፋም ወዲያው አንመን። በዚያ ጊዜ ከቧንቧ ወይም ከሐይቁ ራቅ ካለ ጉድጓድ እንቅዳ።
3. ከዚያ ውሃ የወጣ ዓሣ ሆድቃውንና ጉበቱን እንጣል፤ ሥጋውን በንጹሕ ውሃ እንጠብ።
4. ቆሻሻና ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ አንድፋ።

ለአባታችን ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ይቆይ» አሉና ደብተራቸውን ገለጡ። ከዚህ በፊት ደብዳቤ የሚያጽፉት በሰው እጅ ነበር። ያን ማታ ግን ለዘመዳቸው በገዛ እጃቸው ጻፉ። ሦስት መስመር ነበር፦ «ውሃው ቢጠራም አትመነው። ከብቶቹን ከጉድጓድ አጠጣ። ብታፈላውም መርዙ አይለቅም።»

በሉ ደኅና ሁኑ።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦
ሀ. ጆንያው ሲቀደድ ጤፉ ምን ይሆናል? ምሳሌው ስለ ምን ነው?
ለ. ማፍላት ለምን አይበቃም?
ሐ. በሰፈራችሁ ፍሳሹ የሚሄደው ወዴት ነው?