ያውቁ ኖሯል? ድምፅን በፖስታ ያሸገው ገጣሚ

ፎኖግራፍን መጀመሪያ ያሰበው ገጣሚ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፈረንሳዊው ሻርል ክሮ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1877 ድምፅ ተቀርጾ ተመልሶ የሚሰማበትን ዘዴ ጻፈ፤ በፖስታ አሽጎም ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አስረከበ። መሣሪያውን ግን አልሠራውም! ፖስታው የተከፈተው በዲሴምበር ነው። በዚያው ወር ቶማስ ኤዲሰን አሜሪካ ውስጥ የራሱን ማሽን ሠርቶ አናገረው! ለጥቂት! አንጀት ይበላል!

ይህ ድምፅን ሊይዝ የተነሣ ሰው በወጣትነቱ እነማንን ያስተምር ነበር? መስማት የተሳናቸውን ልጆች!

ባለቀለም ፎቶግራፍ የሚነሣበትንም ዘዴ አስቦ ነበር! በ1869 ሐሳቡ ለፈረንሳይ የፎቶግራፍ ማኅበር ሲቀርብ፣ ሉዊ ዱኮ ዱ ኦሮን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ያንኑ ሐሳብ አቀረበ። በአንድ ቀን! አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ!

በግዙፍ መስታወት የብርሃን ምልክት እየላክን የማርስንና የቬነስን ነዋሪዎች እናነጋግር ያለውም ክሮ ነው!

በሴፕቴምበር 1871 ክሮና ገጣሚው ፖል ቬርሌን አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሊቀበሉ ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ሄዱ። ተላለፉ! ልጁ ብቻውን ቬርሌን ቤት ደርሶ አገኙት። ክሮም ለጥቂት ጊዜ ቤቱ አስጠጋው። ልጁ ማን መሰልዎ? አርተር ራምቦ! አዎ፣ ኋላ ሐረር የከተመው፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ያመጣው ራምቦ!

እጅግ የታወቀው የክሮ ግጥምስ ስለ ምን ይመስልዎታል? ግድግዳ ላይ በክር ስለተንጠለጠለ የደረቀ ዓሣ! ታዋቂው ተዋናይ ኮክላን ካዴ እያነበነበ ፓሪስን በሳቅ አፈረሳት!

ክሮ በሕይወት ሳለ ያሳተመው የግጥም መድበል አንድ ብቻ ነው፤ በ1873። በ1888 በ45 ዓመቱ ዐረፈ። ሁለተኛው መድበሉ የወጣው በ1908 ነው፤ ያሳተመውም የገዛ ልጁ! ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው በ45 ዓመቱ ይሙት?

በ1962 ብሪጂት ባርዶ በፊልም ላይ ያንጎራጎረችው «ሲዶኒ» ግጥሙ የክሮ ነው! እሱ ካረፈ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ!

ፈረንሳይ ውስጥ በየዓመቱ ምርጥ የሙዚቃ ቅጂዎችን የሚሸልመው፣ በ1947 የተቋቋመው አካዳሚ የማንን ስም ይዟል? የሻርል ክሮን!

ወንድሞቹስ! ኦንሪ የተፈጨ ብርጭቆ እያቀለጠ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራ ነበር። ሐኪሙ አንትዋን ደግሞ በ1902 የአራውካንያና የፓታጎንያ ንጉሥ ተባለ! በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ማንም መንግሥት ዕውቅና ያልሰጠው ዙፋን!